ያረጀች መኪና፦ የትኛውን ብልሽት ችለህ ትነዳለህ፣ ለየትኛው ታቆማታለህ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «መኪናዬ 22 ዓመቷ ነው፣ 280,000 ኪሎሜትር ሄዳለች። ቤንዚን ናት፣ ካምቢዮዋ ማንዋል ነው። የሹፌሩ መስኮት በእጅ ካልታገዘ አይወጣም። በሩም ከውጭ እምቢ ይላል፣ ከውስጥ ግን ይከፈታል። ቼክ ኢንጂን መብራቱ ከበራ ዓመት አልፎታል። ጠዋት ስትነሳ ቺንጊያው ያፏጫል። ሞተሩ ሞቆ አሥር ደቂቃ ካቆምኳት በኋላ መነሳት ታስቸግራለች፣ ሲቀዘቅዝ ግን ወዲያው ትነሳለች። በየ1,000 ኪሎሜትሩ አንድ ሊትር ገደማ ዘይት እጨምራለሁ። መንገድ ሲዘጋጋ ሙቀቷ ይወጣል፣ ያኔ የውስጥ ማሞቂያውን ከፍቼ አወርደዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ መብራት ላይ ፍሬን ይዤ ስቆም ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሄዳል። አንዱ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥተን ወፍራም ዘይት እናድርግ አለኝ፣ ሌላው ሞተሩ ይውረድ አለ፣ ጓደኞቼ ሽጣት ይላሉ። እኔ እወዳታለሁ። ምን ላድርግ?»

ከመጨረሻው ልጀምር። መስኮቱን አስቀድመህ ፍሬኑን «አንዳንዴ ደግሞ» ብለህ ጥግ ላይ ሸጎጥከው። የተያዘ ፔዳል ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ መኪናዋ ከዛሬ ጀምሮ ትቁም። እስከ ደመወዝ፣ እስከ ቅዳሜ የሚባል ነገር የለም።

ፔዳሉን ስትረግጥ በፍሬን ማስተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ይገፋል። ፒስተኑን የሚያጅቡት ማኅተሞች ሲያልቁ ዘይቱ ወደፊት መሄዱን ትቶ በጎናቸው ሾልኮ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ ውጭ ስለማይፈስ መሬት ላይ ጠብታ አታይም፣ በዕቃው ውስጥ ያለውም ዘይት አይጎድልም። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ በድንገት ጠንከር አድርገህ ስትረግጥ ማኅተሙ ተወጥሮ ይይዛል፣ ለስለስ አድርገህ ስትይዘው ነው የሚያፈተልከው። ስለዚህ እየነዳህ «ፍሬኔ አሪፍ ነው» ትላለህ፣ መብራት ላይ ስትቆም ግን እግርህ ይወርዳል። አንድ ቀን በድንገትም ስትረግጠው አይዝም።

ለማረጋገጥ መኪናዋን ሜዳ ላይ በእጅ ፍሬን ያዛት፣ ሞተሩን አስነሳና ፔዳሉን በእኩል ጫና ግማሽ ደቂቃ ያህል ረግጠህ ቆይ። ከወረደና የትም የሚፈስ ነገር ከሌለ ማስተሩ አልቋል። ሁለት ነገር ግን እንዳታምታታ። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ረግጠህ ሳለ ስታስነሳው ትንሽ ዝቅ ማለቱ ጤነኛ ነው፣ ፔዳሉን የሚያግዝህ ሰርቮ መሥራቱን ነው የሚያሳይህ። ፔዳሉ ላላ ብሎ ደጋግመህ ስትረግጠው ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው፣ ወይም የኋላ ፍሬን ማስተካከያ ይፈልጋል። «ሸራ በቅርብ ቀይሬያለሁ» የሚለውን መልስ እዚህ አልቀበልም፣ ሸራና ማስተር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማስተሩ ሲቀየር ዘይቱም ሙሉ በሙሉ ይቀየር። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 230 ዲግሪ መሆን አለበት፣ ውሃ ሲጠጣ ግን የጥራት ደረጃው ራሱ እስከ 155 ድረስ እንዲወርድ ይፈቅድለታል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ያረጀ ዘይት ይፈላል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። በየሁለት ዓመቱ ለውጠው።

አሁን ወደ ሌላው እንሂድ። አሮጌ መኪና ይዞ መኖር የሚቻለው ብልሽቱን በሚያስከትለው ጣጣ ከመዘንከው ነው። በጩኸቱ ወይም በሚያናድድህ መጠን አትመዝነው። ሰው ይገድላል? ሞተር ይገድላል? መንገድ ላይ ያስቀርሃል? ለሦስቱም መልሱ አይደለም ከሆነ ተወው፣ ከሷ ጋር ልመደው። የአንተ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ የሚያናድዱህ ነገሮች በሙሉ ማለት ይቻላል ምንም አያደርጉህም፣ የለመድካቸው ግን አደገኞቹ ናቸው።

ሙቀቱን እንይ። ከፍሬኑ ቀጥሎ የምፈራልህ እሱን ነው። ስትቆም የሚወጣ፣ ስትሄድ የሚወርድ ሙቀት ብዙ ነገር ይናገራል። ስትሄድ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል፣ ስትቆም ያንን ሥራ የሚሠራው ፋኑ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፋኑና የሱ ወገን ነው፦ ፊውዙ፣ ሪሌዩ፣ የሙቀት ሴንሰሩ፣ የፋኑ ሞተር። በተቃራኒው ሙቀቱ የሚወጣው በፍጥነት ስትነዳ ወይም ዳገት ላይ ቢሆን ኖሮ የተዘጋ ራዲያተር ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ፈልግ እልህ ነበር። ሞተሩን አስነስተህ፣ ኮፈኑን ከፍተህ፣ እጅህንና ልብስህን አርቀህ ጠብቅ፤ ጌጁ ከመደበኛ ቦታው ሲያልፍ ፋኑ ካልተነሳ መልሱ እዚያው ፊትህ ነው። ፋኑ ከተነሳና ሙቀቱ ካልወረደ በራዲያተሩና በኤሲው ኮንደንሰር መካከል ተመልከት። የዓመታት አቧራ፣ ቅጠልና ነፍሳት እዚያ ተጋግረው የሚገኙት ብዙ ጊዜ ነው፣ ከፊት ለፊት ሲታይ ግን ንጹሕ ይመስላል።

ማሞቂያውን መክፈትህ ስህተት አይደለም። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ሙቀቱን ወደ አንተ ያመጣዋል። ግን ይህ ዳር ይዘህ እስክትቆም የምትጠቀምበት ዘዴ ነው፣ ዓመት የሚኖሩበት አይደለም።

ቴርሞስታቱን አውጣ ያለህን ሰው ግን አትስማው። ይህ ምክር የትም አለ፣ የትም ስህተት ነው። ቴርሞስታት በአብዛኛው ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይከፈታል፤ ሥራው ሞተሩ ቶሎ ሞቆ በሚገባው ሙቀት ላይ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ካወጣኸው ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ያበዛል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ የሲሊንደር ግድግዳ ቶሎ ይበላል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የአቋራጭ መንገዱን የሚዘጋው እሱው ራሱ ነው፤ እሱ ከሌለ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ይዞራል፣ ሞተሩም ከበፊቱ ብሶ ይግላል። ቴርሞስታቱ ካረጀ አዲስ ይግባ። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ሥራውም እንዲሁ።

የራዲያተሩን ክዳንም አትናቀው። ውሃ በተለመደው የአየር ግፊት 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ክዳኑ አንድ ባር ገደማ ግፊት ሲይዝለት ግን እስከ 120 አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ክዳን ያንን ሁሉ ያሳጣሃል። የምትጨምረው ተራ ውሃ ከሆነም ዛሬ አቁም። ውሃ ብቻውን ብረቱን ያዝጋል፣ አልሙኒየሙን ይበላል፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች በጨው ይደፍናል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ አድርግ። የሞቀ ራዲያተር ክዳን ደግሞ በምንም ምክንያት አይከፈትም፣ ፊትህን ነው የሚልጥህ።

ጋራዥ ስትሄድ አንድ ምርመራ በተለይ ጠይቅ፦ የቴስታታ ጋስኬቱ፣ ማለትም በሞተሩ አካልና በላይኛው ክፍሉ (ቴስታታው) መካከል ያለው ማኅተም። መኪናዋ ለዓመት ያህል ስትግል ከቆየች ጋስኬቱ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፣ የጭስ ጋዝ ካገኘ ወደ ቢጫ ይለወጣል። አንተም ቤት ሆነህ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነስተህ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨበጥ አድርገው፤ ውሃው ገና ሳይሞቅ ቱቦው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ጋዝ እየገባበት ነው። ቡና በወተት የመሰለ ዘይት፣ የማያባራ ነጭ ጭስ፣ የት እንደሚሄድ የማይታወቅ ውሃ፣ እነዚህም ምልክቶቹ ናቸው።

የጠዋቱን ፉጨት እዚህ ጋ የማነሳው በምክንያት ነው። ቺንጊያ ማፏጨት ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፣ እርጥበት ወይም ትንሽ መላላት ነው። ግን በብዙ ሞተሮች ላይ ዲናሞውንም የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጊያ ነው። ሙቀት ከምትወጣ መኪና ጋር ሲገናኝ ችላ አልለውም። ገልብጠህ ጎድጎድ ያለውን የውስጥ ጎኑን እይ፤ ከተሰነጣጠቀ ወይም እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ ይቀየር።

ስለ ዘይቱ ብዙ ተደናግጠሃል፣ ወይም አስደንግጠውሃል። በ1,000 ኪሎሜትር አንድ ሊትር ጥሩ አይደለም፣ ሞት ግን አይደለም። አንዳንድ መኪና ሠሪዎች ራሳቸው በመመሪያቸው ላይ እስከዚያ ድረስ የተለመደ ነው ብለው የሚጽፉት መጠን ነው። ዘይት የምትጠጣ ሞተር ዓመታት ትነዳለች። ሞተሩን የሚገድለው የምትጠጣውን አለመተካት ነው። በብዙ ሞተሮች መለኪያ ዘንግ ላይ ከታችኛው እስከ ላይኛው ምልክት ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ገደማ ነው። አስበው፤ በአንተ አጠጣጥ 1,000 ኪሎሜትር ሳታይ ከሄድክ ታችኛው ምልክት ላይ ነህ። ስለዚህ ነዳጅ በቀዳህ ቁጥር ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ፣ ዘንጉን ጠርገህ እይ። ቀይ የዘይት መብራቱን አትጠብቅ። እሱ የሚነግርህ የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም፣ እየነዳህ ሲበራ ጉዳዩ ካለፈ በኋላ ነው። ከበራ እዚያው ሞተሩን አጥፋ፤ «ጋራዡ ቅርብ ነው» ብለው የነዱ የስንቶች ሞተር ነክሷል።

ምክንያቱን ለማወቅ ጭሱን ተመልከት። ቆማ ስታድር ወይም ሚኒሞ ላይ ቆይታ ስትነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ከተፋች ዘይቱን በቫልቮቹ በኩል እንዳይወርድ የሚይዙት የቫልቭ ጎሚኒዎች ደርቀዋል፤ እነሱ ደግሞ በብዙ ሞተሮች ላይ ሞተር ሳይወርድ ይቀየራሉ። ነዳጅ ስትሰጣት፣ ዳገት ስትወጣ የምታጨስ ከሆነ ፋሻዎቹ፣ ማለትም የፒስተኖቹ ቀለበቶች ናቸው። ከሁለቱም በፊት ግን ፒሲቪ የምትባለውን የሞተሩን መተንፈሻ ቫልቭ አስፈትሽ። እሷ ስትዘጋ ወይም ተከፍታ ስትቀር ሞተሩ ዘይቱን በአየር መግቢያው በኩል ይስባል። ትንሽዬ ዕቃ ናት። እሷን ሳያይ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል መካኒክ ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ።

ወፍራም ዘይትስ? መመሪያው ከሚፈቅዳቸው ውስጥ አንድ ደረጃ ወፈር ያለውን መምረጥ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም አጠጣጡን ይቀንሳል። መመሪያው 5ደብሊው30 እያለ ግን 20ደብሊው50 መጨመር ሌላ ነገር ነው። ጠዋት ሲነሳ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪደርስ ሞተሩ በደረቁ ይፈጫል፣ ይበላልም።

ስትሞቅ አለመነሳቷን በተመለከተ አንድ ነገር ሳትነግረኝ ቀርተሃል፦ ቁልፉን ስትጠመዝዝ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይዞራል ወይስ አይዞርም? ቀጭ ብሎ ዝም የሚል ወይም እየጎተተ የሚዞር ከሆነ የሞቀ ሞተሪኖ፣ የዛገ የባትሪ ገመድ ወይም የላላ የመሬት መስመር ነው። ገመዱን መጀመሪያ አጥብቀው፣ አጽዳው። በደንብ ይዞራል ግን አይነሳም ከሆነ ደግሞ በሚዞርበት ጊዜ የአርፒኤም መርፌውን እይ። በብዙ መኪኖች ላይ መርፌው ትንሽ ይርገበገባል። ዜሮ ላይ ደርቆ ከቀረ ጥርጣሬዬ የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የክራንክሻፍት ሴንሰር ላይ ነው፤ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፣ ጠባዩ ልክ አንተ እንዳልከው ነው። መርፌው የሚሠራ ከሆነ ነዳጁን እይ። ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ኦን ላይ ብቻ አድርገህ መልስ፣ ፓምፑ ግፊቱን ይሙላ፤ ከዚያ ወዲያው ከተነሳች ቆማ ሳለ ግፊቱ እየሸሸ ነው። ነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጠህ ስታስነሳ የምትነሳ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን በዝቶባታል፤ የሚያፈስ ኢንጀክተር ወይም የሚዋሽ የውሃ ሙቀት ሴንሰር ሊሆን ይችላል።

ይህኛው ለጊዜው ሊቻል የሚችል ነው፣ ከአንድ ነገር በስተቀር። ክራንክሻፍት ሴንሰሩ ከሆነ አንድ ቀን እየነዳህ ሳለ ሞተሩን ያጠፋብሃል፣ ያኔ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከረገጥከው በኋላ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ያን አትጠብቅ።

ቼክ ኢንጂን መብራቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ዝም ብሎ የበራና ብልጭ ድርግም የሚል ይለያያሉ። ብልጭ ድርግም ካለ ሲሊንደር እየዘለለ ነው፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ሄዶ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት ያቃጥላል፤ ዳር ይዘህ አቁም። ዝም ብሎ የበራው ቢቆይም፣ ችግሩ አዲስ ብልሽት ሲመጣ የሚነግርህ ሌላ መብራት አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ኮዱን አስነብበህ ጻፈው። በዚህ ዕድሜ ያለች መኪና ኦቢዲ 2 የሚባለው የምርመራ ሶኬት ሊኖራት ይገባል፣ ትንሿ ማንበቢያ በስልክ ትሠራለች። ኮዱ ግን የትኛው ዕቃ እንደሞተ አይነግርህም። ለምሳሌ ፒ0171 ሞተሩ ከነዳጁ ይልቅ አየር በዝቶበታል ነው የሚለው፤ ብዙ ሰው ኦክስጅን ሴንሰር ገዝቶ ይቀይራል፣ ጥፋቱ የተሰነጠቀች የአየር ቱቦ ሆና ትገኛለች።

መስኮቱንና በሩን ተዋቸው። መስኮቱ የሚሄድበት ጎማ ላይ ሲሊኮን ስፕሬይ ንፋ፣ ግማሹ ችግር ይቀላል። በሩ ከውስጥ እስከተከፈተ ድረስ መኖር ይቻላል፣ ሌሎቹ በሮች ግን ከውጭም ከውስጥም መከፈት አለባቸው። አደጋ ሲደርስ ሰው የሚያወጣህ በእነሱ ነው።

አሁን አንተ ያልጠየቅከኝ፦ የታይሚንግ ቺንጊያው፣ ማለትም የፒስተኖቹንና የቫልቮቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማው (የሚያፏጨው አይደለም)፣ መቼ ነው የተቀየረው? ካላወቅክ አልተቀየረም ብለህ ቁጠር። እንደ ሞተሩ ቢለያይም በብዙዎቹ 100,000 ኪሎሜትር አካባቢ ነው የሚቀየረው፣ የዓመት ገደብም አለው፣ ብዙ ባትነዳትም። ጎማ ቆሞም ይደርቃል። በብዙ ሞተሮች ላይ ሲበጠስ ፒስተኑና ቫልቮቹ ይጋጫሉ፣ ከዚያ በኋላ የምናወራው ስለ ጥገና ሳይሆን ስለ ሌላ ሞተር ነው። ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥም፣ ለዚህ ነው የምፈራው። የውሃ ፓምፑ የሚዞረው በዚሁ ቺንጊያ ከሆነ እሱም አብሮ ይቀየር፣ ያው አንድ ሥራ ነው። ሞተሯ በሰንሰለት የሚሠራ ከሆነ ከዚህ ወጪ ተርፈሃል፣ ግን ሰንሰለቱን የሚያቆየው ዘይት ነው፤ ዘይት አጉድለህ ከነዳህ ይረዝማል።

ጓደኞችህ ሽጣት ሲሉ የሚያነጻጽሩት የጥገናውን ወጪ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ነው። ይህ ሒሳብ ትክክል አይደለም። ማነጻጸር ያለብህ የሚቀጥለውን አንድ ዓመት ወጪ ከምትተካት መኪና የአንድ ዓመት ወጪ ጋር ነው። የምትገዛውም ያገለገለች ከሆነች እሷም ብልሽት አላት፣ ልዩነቱ አንተ ገና አለማወቅህ ነው። የዚችን ጠባይ ታውቀዋለህ። ይህን ምክሬን የሚሽረው አንድ ነገር አለ፣ እሱም ዝገት ነው። ክሪክ ላይ ትውጣና ከሥር ትታይ። የበሮቹ ሥር ያሉት ሳጥኖች፣ የአሞርዛተርና የእግሮቿ መያዣ ቦታዎች፣ የፍሬን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ይታዩ። ቱቦ ይቀየራል። አካሏ የተያያዘበት ብረት በመፍቻ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ግን ማስተሩንም ሆነ ቺንጊያውን አትግዛ፣ እዚያው ይብቃ።

ከሥር ጤነኛ ከሆነች ግን ውሳኔው ግልጽ ነው፦ አትሽጥ፣ ሞተሩንም አታስወርድ። ፍሬኑን አሠርተህ እንጂ ከቆመችበት አታንቀሳቅሳት፣ ወደ ጋራዡም ተጭና ትሂድ። ቀጥሎ ሙቀቱን ከነክዳኑ፣ ከነኩላንቱ አስተካክል፣ ከዚያ የታይሚንግ ቺንጊያው፣ ከዚያ የመነሳቱ ችግር። ዘይቱን እየመዘገብክ ጨምር፤ መኪናው ውስጥ ትንሽ ደብተር አኑርና በጨመርክ ቁጥር ኪሎሜትሩንና መጠኑን ጻፍ። ለሌላ ሰው ስታውሳትም ያን ደብተር አሳየው፣ ዘይት እንደምትጠጣ ማንም በግምት አያውቅም።

ከዝገቱ ሌላ ሐሳቤን የምቀይረው በሁለት ነገር ነው። የጋስኬቱ ምርመራ መጥፎ ከሆነ፣ ወይም ዘይቱ አንድ ሊትር በ500 ኪሎሜትር ከደረሰ። ያኔም ሞተር ከመፍታት በፊት ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚፈጥረው ግፊት፣ ይለካ። ዝቅተኛው ሲሊንደር ከከፍተኛው ሦስት አራተኛ በታች ከሆነ፣ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምረው ድጋሚ ይለኩት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፣ ባለበት ከቀረ ቫልቭ ወይም ጋስኬት ነው። የሁሉንም ሲሊንደሮች ቁጥር፣ ከዘይቱ በፊትና በኋላ ያለውን፣ ይዘህ ጻፍልኝ።